ረቡዕና ዓርብ የምትታመም መኪና

ስለ መኪና ጻፊ ያለኝ ሰው የለም፤ የምጽፈውም ስለማውቅ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የጽሕፈት መኪና ስትታመም ሕመሟ ፊት ለፊት ይታያል፤ ወይ አንድ ፊደል ያነክሳል፣ ወይ ሪባኗ ይደርቃል። ሳትሠራ ስትቀመጥ ደግሞ ምንም አትሆንም፤ ሽፋኗን አልብሶ መሄድ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። አንድ ሙሉ ጾም ሰው ያስቸገርኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጋራ አንዲት የናፍጣ ሚኒባስ አለችን፤ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ሰው ታመላልሳለች። ወንድሜ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው። የእሱ ድርሻ በስልክ መቆጣት ነው፤ የእኔ ድርሻ ስልኩን ማንሣት። ሾፌራችን አቶ ሰይድ ይባላሉ። ዘመዶቻቸው ከአያት ጀምሮ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ብቻ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ሰለቸኝ ብለው መሪ ጨበጡ። ስምንት ዓመት አብረውን ሠርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ መንገድ፣ ስለ ጎማና ስለ ዝናብ ካልሆነ በቀር ከእኔ ጋር ብዙ አላወሩም፤ እኔም ወሬ አልወድምና ተስማምተን ኖርን።

በዐቢይ ጾም መኪናዋ ረቡዕና ዓርብ ተጨማሪ ሥራ አላት። እኔንና አምስት የማኅበር እኅቶቼን ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ትወስደናለች፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ ደጁ ላይ ትጠብቀናለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደየቤታችን አድርሳን መናኸሪያ ትሄድና የአምባ ጊዮርጊስ ተሳፋሪ ትጭናለች። ሞተሪኖዋ፣ ማለት ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ፣ ከካቻምና ጀምሮ ደክሟል። አንዳንዴ በእጅ ተገፍታ ካልሆነ አትነሣም። አቶ ሰይድ ይጠገን ሲሉኝ “ትነሣ የለም ወይ?” ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ስለዚህ አቶ ሰይድ ደጁ ላይ ሲያቆሙ ሁልጊዜ ላጥፋው ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ሁልጊዜ አይጥፋ እላለሁ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ እገባለሁ።

ችግሩ የጀመረው በጾሙ መግቢያ ነው። መኪናዋ ወደ ወገራ የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ጉልበቷ ይከዳታል። ትንቀጠቀጣለች፣ ታጓራለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፤ ግን አትሄድም። አንድ ቀን አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቀደመን። ሲያልፍ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እግዜር ያጥናችሁ አለን።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ወንድሜ ምርመራ አያስፈልገውም።

“ላምባ ነው” አለኝ። “ሰውዬው ናፍጣውን እየቀዳ ላምባ ይሞላባታል። እስከ ፋሲካ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ይውጣ።”

አይደለም አላልኩም። ነው ብዬም አልመለስኩም። ስልኩን አስቀምጬ ከአልጋው ሥር የጽሕፈት መኪናዬን አወጣሁና የስንብት ደብዳቤውን መታሁ። ደብዳቤ ቀድሞ ማዘጋጀት የሥራ ልማዴ ነው። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የአገልግሎት ዘመኑን በቦታ በቦታው ጻፍኩ። ምክንያቱ ገና ስላልታወቀ “በ………… ምክንያት” ብዬ ነጥቦቹን ክፍት ተውኩ። አንድ ዋናና አንድ ቅጂ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ የአቶ ሰይድ ስንብት ጭኔ ላይ ነበር፤ አቶ ሰይድ ደግሞ ከፊቴ ተቀምጠው ይነዱኛል።

መጀመሪያ የሄድነው አያ አበጀ ዘንድ ነው። አያ አበጀ ሰማንያ ያለፋቸው መካኒክ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የጣሊያን ከባድ መኪና ፈትተው ገጥመዋል። በሰባ ዓመቴ ልጄ ብሎ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ማጣሪያዎቹን አዩ፣ አጸዱ፣ ምንም አላገኙም። ከዚያ የጭሱን ዓይነት ጠየቁኝ፤ ጥቁር ነው፣ ነጭ ነው፣ ወይስ ሰማያዊ? እኔ የጭስ ዓይነት ጭስ ነው አልኳቸው።

“ሸጋ” አሉ። “እንግዲያ ተከታተይውና ንገሪኝ፣ ልጄ። ማኪና በጭሷ ነው የምትናገር።”

መከታተል አውቃለሁ። አዲስ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ ዓምድ ከፈልኩ፤ ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ የተሳፋሪ ብዛት፣ የጭሱ መልክ፣ አስተያየት። ጭሱን ለማየት መጨረሻው ወንበር ላይ ተንበርክኬ በኋላ መስኮት እመለከት ጀመር። ተሳፋሪዎች መኪና የሚያዞረኝ መስሏቸው ሎሚ ይሰጡኛል። አመሰግናለሁ ብዬ እቀበላለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሎሚ መግዛት ተውኩ። የመልኩ ነገር ግን አስቸገረኝ። ጥቁር የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ጥቁርም ብዙ ነው። በመጨረሻ የማውቀውን ተጠቀምኩ፤ “እንደ አዲስ ካርቦን ወረቀት”፣ “ሦስት ጊዜ እንደተመታበት ካርቦን”፣ “እንደ ደከመ ሪባን” እያልኩ ጻፍኩ። አያ አበጀ ደብተሩን ተቀብለው ብዙ ካዩ በኋላ ጤናዬን ጠየቁኝ።

ደብተሩ ግን አንድ ነገር አወጣ። ሰኞ ደህና ናት። ማክሰኞ ደህና ናት። ሐሙስና ቅዳሜ፣ የገበያ ሰው ከነእህሉ ተጭኖባት እንኳ፣ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። የምትታመመው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ሦስት ረቡዕ፣ ሦስት ዓርብ፣ አንድም ሳታስቀር።

ይህን ለማኅበር እኅቶቼ መንገሬ ስሕተት ነበር። ከእኛ ሁሉ ወሬ የሚቀናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት፤ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

“መኪናዋማ ትጾማለች።”

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አሠራሩን ይዤ ተቃወምኩ። ጾመኛ የሚደክመው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው፤ እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደህና ቆይታ ከዚያ በኋላ ነው የምትሰንፈው አልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጥቂት አሰበችና፣ በባዶ ሆድ የገባባት ናፍጣ ከብዷት ነው አለች። አቶ ሰይድ ከፊት ሆነው ይሰሙ ነበር።

“እኔ ስምንት ረመዳን ጾሜባታለሁ” አሉ ዞር ሳይሉ። “አንድ ቀን አላገዘችኝም።”

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቦርሳዬን ያዝ አደረግሁት።

በማግሥቱ ወንድሜ ደወለ፤ የደብተሩን ነገር ነገርኩት። የመለሰልኝ ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ። “ረቡዕና ዓርብ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ እሱ ሦስት ሰዓት ብቻውን ከመኪናው ጋር አይቀርም? ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?” ሰውዬውን ሊያድን ይችላል ብዬ ያሰመርኩት ደብተር ሰውዬውን አሳልፎ ሰጠ።

እኔም እንግዲህ የማላውቀውን ሥራ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት አቶ ሰይድ ጎማ ሊያስነፉ ወረድ ሲሉ የነዳጁን ክዳን ከፍቼ አፍንጫዬን አስገባሁ። ከቤት የምድጃ ላምባ በመሐረብ አስነክቼ ይዤ ነበር። መሐረቡን አሸታለሁ፣ ታንከሩን አሸታለሁ። ከአምስተኛው ጊዜ በኋላ ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ፤ ከስድስተኛው በኋላ ሁሉም ነገር ላምባ ሸተተኝ፣ የራሴ እጅ ሳይቀር። ቀና ስል አቶ ሰይድ ቆመው ያዩኛል። ስምንት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ምን እንደማሸት ገብቷቸዋል።

“እትዬ፣ ክዳኑን በደንብ ያጥብቁት” አሉና ወደ መሪያቸው ሄዱ።

አጠበቅሁት። እጄ ግን ቀኑን ሙሉ እየሸተተኝ ዋለ።

በዚህ መሀል አንድ ሰው፣ የዛሬ መኪና በኮምፒውተር ነው የሚታይ ብሎ አዘዞ ያለ ብሩክ የሚባል ወጣት ባለሙያ ጠቆመን። ብሩክ ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ፤ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ቁጥር ወጣ። ለቁጥሩ ትርጉም ስጠኝ አልኩት። ታጋሽ ልጅ ነው፣ እናቴ እያለ አስረዳኝ። ሞተሩ ካወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ ራሱ የሚያስገባበት አንድ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ።

“የተፋውን መልሶ ይበላል ማለት ነው?” አልኩት።

“እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ እናቴ።”

“ለምን?”

“ወደ ውጭ የሚወጣው መርዝ እንዲቀንስ።”

“ጭሱ እንዳይጎዳ ጭስ ይበላል።”

“አዎን።”

ይህን በደብተሬ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል የዘለልኩ መሰለኝ። ብሩክ ቀጠለ። ዳገት ላይ ሞተሩ ንጹሕ አየር ስለሚፈልግ ቫልቩ መዘጋት አለበት፤ የእኛዋ ግን ተከፍቶ ይቀራል፤ ስለዚህ መኪናዋ ዳገቱን የምትወጣው ጭስ እየተነፈሰች ነው። ፈትቶ አሳየኝ። ውስጡ በጥላሸት ተለስኗል፤ የምጣድ ማሰሻ የማያውቅ ሰው ጓዳ ይመስላል። አጸዳው። ሐሙስ ደህና ሆነች፣ ቅዳሜ ደህና ሆነች። ረቡዕ ሲመጣ ታመመች። ብሩክ ጥላሸት እንዲህ በፍጥነት አይሞላም አለ፤ አንድ ጥላሸት የሚያበዛ ነገር አለ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አንድ ቃል ብቻ መለሰልኝ፤ ቃሏን ታውቋታላችሁ።

አያ አበጀ የኮምፒውተሩን ነገር ሲሰሙ ቅር አላቸው።

“ማኪና ጭሷን ወደ ውጭ ትልካለች እንጂ ምነው ወደ ውስጥ ትልካለች?” አሉና ከላሜራ ክብ ቆርጠው ቧንቧውን ደፈኑት። ጭሱ እውነትም ጠፋ። ግን ከመሪው ፊት ቢጫ መብራት በራና አልጠፋ አለ፤ መኪናዋም ተቆጥታ ሰኞም ማክሰኞም በሜዳ ላይ እንኳ አልሮጥ አለች። ብሩክ ላሜራውን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። አያ አበጀ አይተው ተቀየሙና መልሰው አስገቡት። ብሩክ መልሶ አወጣው። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ የሚከራከሩት በእኔ በኩል ነው። ላሜራዋ በመጨረሻ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብዳቤው ጋር ቀረች። ደብዳቤውን ባወጣሁ ቁጥር ጥቁር ክብ እያተመችበት፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ያለው መሰለ።

ፋሲካ እየቀረበ ሄደ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቅዳሴ ሳልገባ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ጉልበቴ በእርግጥ ያመኛል፤ የዚያን ቀን ግን አልነበረም። የቀረሁት አቶ ሰይድን ልጠብቅ ነው። ላምባ የሚጨምሩ ከሆነ በዓይኔ ልይና ነጥቦቹን ልሙላ ብዬ ነው። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እንዲህ ነበር።

አቶ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ላጥፋው አሉ፤ እንደ ልማዴ አይጥፋ አልኩ። ወርደው ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን አወጡ። እኔ ደብተሬን ከፍቼ እሳቸውን አያለሁ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንድ ሰዓት አለፈ። መኪናዋ ከሥሬ ትንዘፈዘፋለች። ሁለት ሰዓት አለፈ። አቶ ሰይድ ከድንጋዩ የተነሡት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ፀሐይዋ ስለዞረች ጥላ ለመለወጥ። የምጽፈው ነገር አጣሁ፤ ደብተሬ ከየት ወደ የት ይላል እንጂ ለቆመ ነገር ዓምድ የለውም። ሥራ ፈትቼ ወረድኩና ጭሱን አየሁት፤ ለዚህኛው መልክ ስም ስላጣሁለት ለብሩክ ደወልኩ።

“ምን ዓይነት ነው፣ እናቴ?”

“ቀጭን ነው። ግራጫ። አያቋርጥም።”

“ዳገት ላይ ናችሁ?”

“አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመናል።”

“ታዲያ የሞተር ድምፅ ይሰማኛል።”

“የእኛው ነው። አልጠፋም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከቅዳሴ መግቢያ።”

ብሩክ ድምፁን ቀስ አደረገ። “ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታቆሟት?”

“ኧረ አይደለም” አልኩ። “ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው።”

ይህን ብዬ አፌን ስዘጋ የተናገርኩትን ሰማሁት።

ብሩክ የቀረውን አስረዳኝ፤ የናፍጣ መኪና ቆማ ሞተሯ ለሰዓታት ሲነድ እንደማይሞቅ፣ ሳይሞቅ የሚነድ ናፍጣ ጥላሸት እንደሚያበዛ፣ ጥላሸቱ በዚያች ቧንቧ እየተመላለሰ ቫልቩን እንደሚለጥፍ፣ በማግሥቱ ጭነት ይዛ ስትሮጥ ሲሞቅ ደግሞ እንደሚላቀቅ። ግማሹን አልሰማሁትም። የማስበው ስለ ጽሕፈት መኪናዬ ነበር። ሳትሠራ የተቀመጠች ምንም አትሆንም። ሽፋኗን አልብሶ መሄድ ነው።

አቶ ሰይድ ወደተቀመጡበት ሄድኩ።

“ያጥፉት” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ይጥፋ?”

“ይጥፋ።”

ተነሥተው ሄደው አጠፉት። ያ ኮረብታ እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ቄሱ የሚሉት ሁሉ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኅቶቼ ወጥተው ተሳፈሩ፤ አቶ ሰይድ ቁልፉን ቢያዞሩት ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ደጁ ሜዳ ነው፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ሠላሳ እርምጃ ያህል አልፎ ነው። ሰው ሁሉ ተበትኗል። አቶ ሰይድ መሪውን ትተው ብቻቸውን ሊገፉ ሲወርዱ ይግቡ አልኳቸውና ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምን ልሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የምገፋውም እኔ ነኝ አልኳት። አልገባትም፤ ግን ወረደች፤ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ወረዱ። ስድስት ሴቶች፣ ሲደመር አራት መቶ ዓመት የምናልፍ፣ ከቅዳሴ የወጣን፣ እህል ያልቀመስን፣ መኪና ገፋን። ሠላሳዋን እርምጃ ስንት ጊዜ አርፈን እንደጨረስናት አልቆጠርኩም። ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ አመለጠችን፤ ጥቂት ተንከባለለች፤ ተነሣች፤ የጾሙን ጥላሸት ሁሉ ባንድ ጊዜ ተፋችብን።

ጭሱ ሲገፈፍ የስድስታችንም ነጠላ አንድ መልክ ሆኖ ነበር። አዲስ ካርቦን ወረቀት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊቷን ጠረገችና መኪናዋ ጾሟን ፈታች አለች።

ማታ የጽሕፈት መኪናዬን አውጥቼ ደብዳቤውን አስገባሁ። ነጥቦቹ ላይ “መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እንዲነድ በባለንብረቷ በተሰጠ ትእዛዝ” ብዬ መታሁ። ልክ ሞላ፤ አንድ ፊደል አልተረፈም። አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ስሕተቱ የሚሰናበተው ሰው ስም ብቻ ነው። ዋናውንም ቅጂውንም ቀደድኩ። ለወንድሜ ደውዬ ላምባ እንዳልሆነ ነገርኩት። እና ምን ነበር አለኝ። መቆም ነበር አልኩት። ግራ አጋባሽኝ አለ፤ ግራ መጋባት ተራው የእሱ ስለነበረ አላብራራሁለትም።

ቫልቩ እንደገና እንዲጸዳ፣ ሞተሪኖውም እንዲጠገን ለብሩክ ነገርኩት። ቀረ ያልኩት ነገር አንድ ነው፤ አቶ ሰይድን ማነጋገር። ይቅርታ የሚለውን ቃል በሠላሳ ዓመት ውስጥ በጣም ብዙ ጊዜ መትቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የሌላ ሰው ይቅርታ ነበር። በአፌ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ በማስመሪያ አንድ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ “የቆመችበት ሰዓት” ብዬ ጻፍኩበት። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩንና እስክሪብቶዬን ለአቶ ሰይድ ሰጠኋቸው፤ ከእንግዲህ እርስዎ ይጻፉ፣ ከትናንት ይጀምሩ አልኳቸው። ተቀብለው መሪው ላይ አስደግፈው ብዙ ጊዜ ወስደው ጻፉና መለሱልኝ።

የተሳፋሪ ብዛት፦ ስድስት። የጭሱ መልክ፦ ጥቁር። የቆመችበት ሰዓት፦ ሦስት። አስተያየት በሚለው ዓምድ፣ በማይቸኩል ትልልቅ የእጅ ጽሑፍ፦ “ትናንት እትዬ ገፍተዋል።”

ከልማዴ የተነሣ ላርመው መነጽሬን አደረግሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚታረም አላገኘሁበትም።